የካራኮል ቀይ አምፖል

ከተማችን ቬራክሩዝ ስልሳ ዓመት ሙሉ ስታሳድደን ኖራ፣ በመጨረሻ ቅርስ ሳንሆን አንቀርም ብላ ጠረጠረች።

ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት የሚደንስበት ቡና ቤታችን «ካራኮል» ፈርሶ ሆቴል ሊሠራበት ነበር። የሚያድነው የቅርስ ኮሚቴው ፊርማ ብቻ ነው። ኮሚቴውም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዳንሱ ሲደምቅ መጥቶ ሊያየን ቀጠረ።

በር ላይ የሚቀመጡት የሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ዶኛ ኤውላሊያ ናቸው። ድሮ ፖሊስ ሲመጣ ማብሪያውን ይጫኑታል፤ ከባንኮኒው በላይ ቀይ አምፖል ይበራል፤ ወዲያው ጥንዶች ይቀያየራሉ። ፖሊስ የሚያገኘው ወንድ ከሴት ጋር ሲደንስ ነው። ፖሊስ መምጣት ካቆመ ሃያ ዓመት አልፎታል። ቢሆንም አዲስ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ይህንኑ ነው፤ ቀዩ ሲበራ የያዝከውን እጅ ልቀቅ።

ቅዳሜ ደረሰ። እኔ ኢሳውሮን «እንደንስ?» ለማለት ሦስት ወር ፈጅቶብኝ፣ ገና እጁን መያዜ ነበር። ሙሉ ልብስ የለበሱ ሦስት ሰዎች ከመንግሥት መኪና ወረዱ። የዶኛ ኤውላሊያ ጣት እሳቸውን እንኳ ሳያማክር ማብሪያውን ተጫነ።

አምፖሉ በራ። ኢሳውሮ ተሰወረ፤ እኔን አንዲት ሽሪምፕ ሻጭ ጨምድዳ ያዘችኝ።

«እንዴት ያለ ጨዋ የቤተሰብ ዳንስ ነው!» አሉ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ፋይላቸውን እየዘጉ። «ይቅርታ፣ ቤት ተሳስተናል። እኛ የእነዚያን ሰዎች ቤት ነበር የፈለግነው።»

የቡና ቤቱ ባለቤት ዶን ኤቫሪስቶ አንዲት ሴት እንዳቀፉ ቀረቡ። «ጌታዬ፣ እነዚያ ሰዎች እኛ ነን!»

«ታዲያ ያቀፏቸው ሴት አይደሉም?»

«ለይስሙላ ነው!»

«ይህንን ለሆቴሉ ሰዎች ይንገሯቸው» አሉና ወደ በሩ ዞሩ።

ከዶን ኤቫሪስቶ ጋር አርባ ዓመት የኖሩት ዶን ኒካኖር ከማዶ አንዲት መበለት አቅፈው ተገትረዋል።

«አንተ ድንጋይ፣ ና እንጂ!» ጮኹ ዶን ኤቫሪስቶ።

«አምፖሉ በርቷል!»

«ይብራ!»

«ያኔ አልለቅህም ስል ፖሊሶች ሁለት ጥርሴን አውልቀውብኛል!»

«አሁን ያሉህ ሰው ሠራሽ ናቸው፤ ና!»

ዶን ኒካኖር መበለቷን ይቅርታ ጠየቁ። በቀዩ ብርሃን ውስጥ ወለሉን አቋርጠው መጥተው፣ የዶን ኤቫሪስቶን ወገብ ያዙ። ኢሳውሮም ከጠረጴዛ ሥር ወጣ። ሊቀ መንበሩ ፋይላቸውን መልሰው ገለጡ።

ፊርማው ከነቅድመ ሁኔታው መጣ። አምፖሉ ቅርስ ስለሆነ በየቅዳሜው ለጎብኚዎች እንዲበራ፣ ጥንዶችም እንዲቀያየሩ ታዘዘ። ድሮ ከመንግሥት እንደበቅ ነበር፤ ዛሬ በመንግሥት ትእዛዝ እንደበቃለን።

ዶን ኒካኖር ግን ቢበራም አልለቅም ብለዋል። ኮሚቴው የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ጽፎላቸዋል።