በጠመንጃው ላይ የቀረ የጣቴ ጥላሸት

አባቴ ጠመንጃውን መሥራት የጀመረው እኔ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። አሁን ዘጠነኛ ነኝ። ጠመንጃው ግን ገና ክፍሉን አላለፈም።

ከሱቅ መግዛት አቅቶት አይደለም። በአያቴ በኦሪን ጓሮ የነበረውን ትልቁን የዋልነት ዛፍ ነፋስ ሲጥለው፣ አባቴ ከግንዱ አንድ ሳንቃ አስቀርቶ «ከዚህ የጠመንጃ ሰደፍ ይወጣል» አለ። አፉን ዘግቶ ቢቀመጥ ኖሮ እስከ ዛሬ እንቅልፉን በጠገበ።

ሌሊቱን እንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ ውስጥ ቆሞ ሲሠራ ያድርና ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይገባል። ጋራዡ ስለሚበርድ ከመተኛቱ በፊት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ይሠራል። የአፈሙዙን ብረት በኩራዝ ጭስ ያጠቁረዋል፣ እንጨቱ ላይ በቦረቦረለት ቦይ ውስጥ ይጫነዋል፣ ያነሳዋል። እንጨቱን ጥላሸት ከነካው፣ እዚያ ጋ ብረቱን እየገፋው ነው ማለት ነው፤ ያንን ብቻ ፀጉር ታህል ይፍቃል። ከዚያ እንደገና ያጠቁራል። ሲያልቅ በሁለቱ መሀል ወረቀት እንኳ መግባት የለበትም። እናቴ ነጭ ፎጣ መግዛት ካቆመች ቆየች።

አያቴ እሑድ እሑድ እየመጡ ይተርቡታል።

«ቨርሊን፣ አጋዘኖቹ ጡረታ ሳይወጡ ትጨርሳለህ?»

«እርስዎስ ጡረታ ወጥተው መቼ ዝም አሉ?» ይላል አባቴ፣ ቀና ሳይል።

ዘንድሮ ግን ቃል ገባላቸው። የአደን ወቅት በሚከፈትበት ሰኞ፣ ለዚሁ ሲባል ትምህርት ቤቱም በሚዘጋበት ቀን፣ በራሳቸው ዛፍ የተሠራውን ጠመንጃ ይዘው ኮረብታው ላይ ሊቀመጡ።

ሰኞ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ጠዋት፣ አባቴ ያጠቆረውን ብረት ጠረጴዛው ላይ ትቶ ፊቱን ሊታጠብ ገባ። እኔ ፓንኬኬን እየበላሁ ነበር። እጄ አያርፍም፤ ብረቱን አነሳሁት፣ አስቀመጥኩት፣ ከዚያ የቦዩን ጠርዝ በጣቴ ዳሰስኩት። እንዴት እንደሚለሰልስ! የትምህርት ቤት አውቶቡስ ጡሩምባ ሲነፋ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።

ከሰዓት ስመለስ አባቴ አልተኛም። ብረቱ እንጨቱ ውስጥ ተቀምጧል፤ በአንድ በኩል ጣቴን የሚያህል ርዝመት ያለው ክፍተት ይታያል።

«ዓይኔ ሄዷል፣ ትሬሳ» አለኝ። «ጥቁር አየሁና ፋቅሁ። ለካ ብረቱ እዚያ ጋ አይነካም ነበር።»

ጣቴን አየሁት። ጥላሸቱ ጥፍሬ ሥር አለ። በክፍሌ ውስጥ ለአስተማሪ መልስ የምትመልስ እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ግን «ርቦኛል» ብቻ አልኩ።

እስከ እሑድ አልተናገርኩም። አባቴ መሮዎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ከተተ። አያቴ ሲመጡ ሳጥኑን አዩት።

«ተውኩት» አላቸው። «ለዚህ ሥራ ዓይን ያስፈልጋል። የኔ አልቋል።»

ትረባቸውን ጠበቅሁ። አያቴ ግን ሳንቃቸውን ሲያዩ ቆዩና የአባቴን ትከሻ መታ መታ አደረጉት። ያንን መቻል አቃተኝ።

«የኔ ጣት ነው» አልኩ። «ብረቱን ነክቼ ጠርዙን ዳሰስኩት። የፋቅኸው የኔን ጣት ነው።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

«ከረቡዕ ጀምሮ ታውቂያለሽ?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ መኪና መንዳት ላቆም እያሰብኩ ነበር።» ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገው። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ ግን ለመቆጣትም ጉልበት የተረፈው አልመሰለኝም። «ከጋራዥ የዋልነቱን ቁራጭ አምጪ። ቀጭን ስንጣሪ አውጥተን ክፍተቱን በማጣበቂያ እንሞላዋለን። ቦዩን እንደገና የምትፍቂው ግን አንቺ ነሽ።»

«ለነገ ይደርሳል?»

«አይደርስም።»

«እኔም አጋዘኖቹም ለምደነዋል» አሉ አያቴ።

ሰኞ የሸለቆው ሰው በሙሉ ወደ ኮረብታው ወጣ። እኛ ጠረጴዛው ዙሪያ ነን። ብረቱን አጠቁራለሁ፣ እጭናለሁ፣ አነሳለሁ፣ እፍቃለሁ። እስከ ረፋድ አንገቴ ደረቀ፤ አራት ዓመት እንዴት እንደሚፈጅ ገባኝ። ከሩቅ ተኩስ ሲሰማ አያቴ ወደ መስኮቱ ይዞራሉ፣ ከዚያ ወደ እኔ ይመለሳሉ። አባቴ ለአደን ብሎ ከሥራ በወሰደው የዕረፍት ቀን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ወስዶታል።

አያቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«አንቺ፣ እጅሽን ታጥበሻል?»

ተነስቼ ታጠብኩ።