የድንቅቱ ከፍ ያለ ጠረጴዛ

በ2008 ክረምት መንገዱ ተዘጋ። ዝናቡ አላባራም፤ ገብሱ ማሳ ላይ በሰበሰ። ወጣቶቹ ከቤት ርቀው ነበር። ልጄን ሃዊን ወንጪ ላይ ምጥ ያዛት። በቃሬዛ ወደ አምቦ ልናወርዳት ስንነሣ አንድ ትከሻ ጎደለን። ጎረቤታችን ድንቅቱ ገብታ ተሸከመች። ሃዊም ሕፃኑም ተረፉ። የድንቅቱ ወገብ ግን ከዚያ ወዲህ አልዳነም።

ድንቅቱ አሁን አምቦ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ባለጉዳይ ታስተናግዳለች። ዘንድሮ ረጅም ሰዓት መቀመጥ አቃታት። ኃላፊዋ ኦቦ ዓብዲሳ ቁርጡን ነገራት።

«ሰኞን እስከ ምሳ ከሠራሽ ትቆያለሽ። ካልቻልሽ ቦታሽን ሌላ ሰው ይይዘዋል።»

ሐኪሙ ቆመሽ ሥሪ ብሏት ነበር። እኔ አናጺ ነኝ። እሑድ የጠረጴዛዋን እግር ቀጥዬ እስከ ክርኗ አስረዘምኩት። ኮምፒውተሩንም በዓይኗ ልክ ከፍ አደረግኩት። ወንበሯን ለማረፊያ ተውኩላት።

ሰኞ ጠዋት ብሎን ላጠብቅ ብዬ ጥግ ላይ ቆየሁ። መጀመሪያ የገባው ከጌዶ የመጣ ሽማግሌ ነበር። ቆማ ሲያያት ባርኔጣውን አወለቀ።

«ኧረ በዋቃ ተቀመጪ! ለእኔ ብለሽ ነው የተነሣሽው?»

«አይ አባቴ፣ ሥራዬ ነው።»

«አንቺ ቆመሽማ ጉዳዬን አልናገርም።»

ተቀመጠች። ጠረጴዛው አገጯ ላይ ደረሰ፤ እጇን ሰቅላ ጻፈች። ሰውየው ሲወጣ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ ተነሣች። ቀጥላ የገባችውም ሴት እንዲሁ ለመነቻት፤ ተቀመጠች። ከዚያ ስትነሣ ከንፈሯን ነከሰች። ግንባሯን አላባት። ምሳ ሰዓት ገና ሩቅ ነበር።

ጠረጴዛውን በልኳ ሠርቼዋለሁ። የሰዉን ይሉኝታ ግን ረስቼ ነበር።

ወንበሩን አንሥቼ በሩ ሥር አስቀመጥኩና ተቀመጥኩበት። ለሚገባው ሁሉ፣ «ለእናንተ አልተነሣችም፤ ሥራዋ ነው፤ ግቡ» አልኩ።

«ወይ ጉድ! ሴትዮዋን ወንበር ቀምተው ይንፈላሰሳሉ!» አለች አንዷ። ሰልፉ ሳቀ።

ለምሳ ጥቂት ሲቀር ዓብዲሳ ገባ።

«ድንቅቱ፣ ተቀመጪ እንጂ» አለ፤ ከልማድ ነው። ዞራ ወንበሩን ፈለገች። እሱ ወደ እኔ ዞረ።

«ኦቦ ተሬፋ፣ ይነሡላት እንጂ!»

«አልነሣም። ልጄን ተሸክማ ያን ቁልቁለት ስትወርድ ማንም ተቀመጪ አላላትም።»

ዓብዲሳ ወደ ድንቅቱ ዞረ። እጇን አየ፤ እየጻፈች ነበር። የመጨረሻው ባለጉዳይ ማኅተሙን አስመትቶ ወጣ።

«ነገም እንዲሁ ሥሪ» ብሏት ሄደ።

ድንቅቱ ትንፋሿን ለቀቀች።

«ኦቦ ተሬፋ፣ ብድርዎን መልሰዋል። አሁን ወንበሬን ይስጡኝ።»

ተነሣሁላት።