ባዶ ወንበሮች በፊተኛው ረድፍ

ቪሲታሲዮን ዓይኗን ስትገልጥ ፀሐይዋ አልጋው ላይ ወጥታለች። ስልኳን ብታይ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ጎህ ሳይቀድ እንዲቀሰቅሳት የሞላችው ደወል ጠፍቷል። ማን እንዳጠፋው መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ባሏ ኤላዲዮ አልጋው ላይ የለም።

«ይሄ ሰውዬ ዛሬስ ገደለኝ» አለች ለባዶው ክፍል።

ታች ቡና ቤቱ ውስጥ ጋዜጣ እያገላበጠ ነው የሚሆነው፤ ሌላ ምን ሥራ አለው? ጥር ላይ ስትሮክ ግራ ጎኑን ከመታው ወዲህ የምታለብሰው እሷ፣ የጫማውን ክር የምታስረው እሷ፣ ሥጋውን የምትቆርጥለት እሷ። ከዚያ ደግሞ ማድሪድ ውስጥ የሰው ቢሮ ስትጠርግ ትውላለች። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ የእሷው ጭራሽ ከጅቡ ጋር አብሮ ደወል ያጠፋል።

ከሆስፒታል ሲወጣ የለመናት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ባሕር ልግባ። እሷም ከባሕሩ ሦስት መንገድ ገባ ብሎ ያለ፣ ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ሙሉ የሚያቃስት ርካሽ ቤት ለሰባት ቀን ተከራየች። ዘይቱን፣ ሩዙን፣ ቋሊማውን ሳይቀር ከማድሪድ ተሸክማ መጣች። ምግብ ቤት ደጅ አልረገጡም። ይሁን፣ ይሄስ አላስከፋትም። ግን ኤላዲዮ በምርኩዝም ቢሆን አሸዋ ላይ ከአሥር እርምጃ በላይ አይሄድም፣ ስለዚህ ወንበሩ ውሃው አፍ ላይ መሆን አለበት። የፊተኛው ረድፍ ደግሞ የማለዳ ተነሺ ነው፤ ሳይነጋ ወርደህ ጥላህን ትተክላለህ፣ ወንበርህን ታስቀምጣለህ፣ ተመልሰህ ትተኛለህ፣ ረፋዱ ላይ እንደ ጌታ ትመጣለህ። ማዘጋጃ ቤቱ ከሦስት ሰዓት በፊት መትከል ክልክል ነው ብሏል። ማን ሰምቶት!

ቪሲታሲዮን፣ በአጭሩ ቪሲ፣ ስድስት ቀን በማለዳ ተነሥታ ተክላለች። ስድስቱንም ቀን ማዕበሉ አብዶ ቀይ ባንዲራ ሲውለበለብ ዋለ፤ አንድም ሰው አልገባም። ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። አውቶቡሱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሣል።

ፎጣዋን ብቻ ይዛ ወረደች። ቦታ መያዙ ይቀድማል፣ ወንበሩን በኋላ አመጣዋለሁ ብላ ከደረጃው ሥር ወዳለው ዕቃ ዞር ብላም ሳታይ ሮጠች። ባሕሩ ዳር ደርሳ ቀና ስትል ባንዲራው አረንጓዴ ነው። ባሕሩ በሳህን እንዳለ ውሃ ረግቷል። የፊተኛው ረድፍ ግን ጢም ብሏል፤ ከዳር እስከ ዳር ጥላ ነው። ግማሹ አንድ ባንክ ለደንበኞቹ ያደለው ያው ሰማያዊ ጥላ ነው፤ የእሷም ጥላ እንደዚያው ነው። ከሥሩ የታጠፉ ወንበሮች፣ ሰው ግን የለም።

ከጥላዋ ሥር የተቀመጠችው ኦርቴንሲያ ብቻ ነበረች፤ ሳምንቱን ሙሉ ጎን ለጎን የሰነበተቻት የሳራጎሳ ከተማ ሴት። አሁን መድረሷ ነው። ቪሲ ለኤላዲዮ አንድ ክንድ ታህል ቦታ ጠጋ እንድትልላት ለመነቻት። ኦርቴንሲያ በግራም በቀኝም የሰው ዕቃ መሆኑን አሳየቻት።

«ሰው የለበትምኮ» አለች ቪሲ።

«ትናንት በአንቺስ ወንበር ላይ ሰው ነበረበት? የተኛ ሁለተኛ ረድፍ ነው፣ የኔ እናት። ሕጉን ታውቂዋለሽ።»

ያ አባባል እንደ በርበሬ ዓይኗ ውስጥ ገባ። እውነት መሆኑ ደግሞ የባሰ አነደዳት። ቀጥ ብላ መንገዱ ዳር ወደቆመው ፖሊስ ሄደች። ወጣቱ ፖሊስ ሰው ካልጠቆመለት አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ ዓይነት ነበር። ረቡዕ ዕለት ከወዲያኛው ጫፍ አንድ ሰው ጠቁሞ የስንቱ ወንበር በማዘጋጃ ቤቱ መኪና ሲጫን የፊተኛው ረድፍ በሙሉ ጠቋሚውን ረግሞታል። «ምላሱ ይቆረጥ» ብላ ከሁሉ በላይ የጮኸችው ቪሲ ናት። አሁን በዚያው ምላሷ ሕግ አለ ወይስ የለም ብላ ልጁን አፋጠጠችው፤ ካላስነሳህ ለአለቃህ እናገራለሁ አለችው። ልጁ ተንፍሶ ሬዲዮውን አነሣ።

መኪናው መጣ። ሁለት ሠራተኞች ባለቤት የሌለውን ሁሉ እየነቀሉ ይወረውሩ ጀመር። ቪሲ እጇን አጣምራ ቆማ አየች፤ እሰይ፣ ይበላችሁ፣ ይበላችሁ። ከኦርቴንሲያ አራተኛውን ሰማያዊ ጥላ ነቀሉ። ወንበሩ ሲወረወር ተዘረጋና የእጅ መደገፊያው ታየ። የብስክሌት ጎማ ተጠቅልሎበታል።

ጎማውን የጠቀለለችው ራሷ ናት፣ የኤላዲዮ እጅ እንዳይንሸራተት።

ጮኸች፣ ሮጠች፤ መኪናው አልጠበቃትም። አሸዋው ላይ የቀረው የጥላው ጉድጓድ ብቻ ነው። ከጉድጓዱ ጎን የምርኩዝ ነጥብና የአንድ የሚጎተት እግር መስመር ነበር።

ያኔ ኤላዲዮ መጣ። ቹሮ የሚባለውን በዘይት የተጠበሰ ሊጥ በወረቀት አስጠቅልሎ በብብቱ ይዟል። የጫማው ክር አልታሰረም። ከጥር ወዲህ አይታው የማታውቀው ፈገግታ ፊቱ ላይ ነበር።

«ትንሽ ተኚ ብዬ ነው ደወሉን ያጠፋሁት» አላት። «ሁለቴ ተመላለስኩ፣ አንዴ ወንበሩን፣ አንዴ ጥላውን። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ብቻዬን ተከልኩት፣ ቪሲ። ነይ ላሳይሽ።» ከዚያ ቦታውን አየ። «የት ሄደ?»

ኦርቴንሲያ ቪሲን ከፖሊሱ ጋር አይታታለች። ሰው ጠቁሞ ማዘጋጃ ቤት ወሰደው ብላ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። ስም አልጠራችም።

«ምላሱ ይቆረጥ» አለ ኤላዲዮ። «ምን አድርገነው ነው ይሄ ክፉ ሰው?»

ቪሲ መዋሸት ትችል ነበር። የምትቆጣው ሰው ፈለገች፤ ከራሷ በቀር ማንንም አጣች።

«እኔ ነኝ» አለች። «የአንተ መሆኑን አላወቅሁም። ብቻህን መትከል አይሆንልህም ብዬ ነው።»

ኤላዲዮ አልሰደባትም። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ቹሮውን እጇ ላይ አስቀመጠ፤ ገና ትኩስ ነው። ከዚያ ምርኩዙን አሸዋው ላይ ተከለና በተለቀቀው ቦታ አልፎ ወደ ውሃው ሄደ። አሥር እርምጃ አለፈ፣ አሥራ አምስት። የጫማውን ክር ልታስርለት፣ ክንዱን ልትይዝለት ተከተለችው።

«እዚያው ሁኚ» አላት ሳይዞር።

ባልታሰረ ጫማው ገባ። ውሃው ቁርጭምጭሚቱን፣ ከዚያ ጉልበቱን ዋጠው። ቪሲ ቹሮውን ይዛ እዚያው ቆመች።