የጀልዴሳ የቆዳ ገበያ ደራ

ጃንሆይ ሰማንያ ዓመት ሞላቸው ተብሎ አገሩ በሰንደቅ ዓላማ ባሸበረቀበት ሰሞን፣ ከድሬዳዋ ወጣ ብላ ባለችው ጀልዴሳ ዝናብ ጠፍቶ ከብቱ እየረገፈ ነበር። ይህን ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር የዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ የሚያወራ ሁሉ ያውቃል። ግን ማን ይተንፍስ? አለምብርሃን ሊተነፍስ ቆረጠ። ባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ነው፤ በትርፍ ጊዜው ደግሞ ለአንድ የአዲስ አበባ ጋዜጣ የድሬዳዋን ወሬ ይልካል።

ወሬውን ይዞለት የመጣው ዋርፋ የሚባል የጀልዴሳ ከብት አርቢ ነው። የሞቱ ላሞቹን ቆዳ በግመል ጭኖ ለመሸጥ ከተማ ገብቶ ነበር።

“አቦ፣ አንተ ጋዜጣ ትጽፋለህ አሉ” አለው። “እናቴ በረሃብ መነሳት አቅቷታል። ጋዜጣው ላይ የንጉሡ ፎቶ አለ አይደል? እሱ ያላየውን ነገር ፎቶው ሥር ያስጽፋል? አንተ ጻፍ፣ እሱ ያነባል፣ እህል ይልካል። አለቀ!”

አለምብርሃን “ድርቅ” የሚለው ቃል በሳንሱር እንደማያልፍ ያውቃል፤ ስለዚህ ብልሃት ያገኘ መሰለው። “በከተማው ቆዳ እስከ ጣሪያ ተከምሯል፤ ሻጩ በዝቶ ዋጋው ወድቋል። የጀልዴሳ ሰው እህል ይሻል” ብሎ ላከ። ድሬዳዋ ላይ ቆዳ ተከመረ ማለት ከብት አለቀ ማለት ነው፤ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። አዲስ አበባም ይገባዋል ብሎ አመነ፣ የዋህ!

ጋዜጣው በባቡር መጣ። የንግድ ገጹ ላይ፣ ከነስሙ፣ “የጀልዴሳ የቆዳ ገበያ ደራ” ይላል። አርቢው ለዘመናዊ ንግድ ነቅቶ ምርቱን በገፍ እያቀረበ ነው ይላል። እህል የሚል ቃል ለመድኃኒት እንኳ አይገኝም። ድንቄም ዜና! አለምብርሃን ደሙ ፈላ፤ ስልክ ጋ ሮጠ።

“ጌታዬ፣ እኔ ይህን አልጻፍኩም!”

“ቆዳ ተከምሯል አላልክም?” አለው የንግድ ገጹ አዘጋጅ።

“ብያለሁ! ከብቱ ስላለቀ ነዋ!”

“ስማኝ ወንድሜ፣ የንግድ ገጽ ለቅሶ ቤት አይደለም። ቆዳ ላኪዎቹ ማስታወቂያቸውን የሚያወጡት እኛ ጋ ነው፤ ዜናህ ደስ ብሏቸዋል። በርታ!” ብሎ ጆሮው ላይ ዘጋበት።

እውነቱን ለዋርፋ ሊነግረው ሰውየው ወደሚያርፍበት ሻይ ቤት ከነፈ። የሻይ ቤቷ ባለቤት ዳሃቦ በፈገግታ ተቀበለችው።

“ጋዜጣው ጀልዴሳን ጠራ ሲሉት እየዘለለ አገሩ ሄደ። እህል መጣላችሁ ሊላቸው!” አለችው።

በማግስቱ ወደ ጀልዴሳ የሚሄድ የጭነት መኪና አገኘና ተሳፈረ። መኪናው ባዶ ነበር። አብሮት የተሳፈረው ነጋዴ ዜናውን አንብቦ ቆዳ ሊገዛ መሄዱን በደስታ አጫወተው፤ አለምብርሃን የጸሐፊውን ስም ለመናገር አፈረ።

የጀልዴሳ ሰው ጆንያ ጆንያውን ይዞ መንገድ ዳር ቆሞ ነበር። የመኪናውን አቧራ ሲያዩ ሴቶቹ እልል አሉ። ከመኪናው የወረደው ግን ሚዛን ነው።

“ቆዳ ያላችሁ አምጡ!” አለ ነጋዴው።

ዋርፋ ሕዝቡን ጥሶ አለምብርሃን ጋ ደረሰ። “እህሉ ከኋላ ነው የሚመጣው?”

“እህል የለም። የጻፍኩትን ለወጡት። ወላሂ ለወጡት።”

“የንጉሡ ፎቶስ የለበትም?”

“አለበት።”

ዋርፋ ጎጆው ገብቶ እናቱን አቅፎ አነሳትና አሸዋው ላይ አስተኛት፤ የተኛችበትን ቆዳ ጠቅልሎ ወጣ። ነጋዴው ብር ሲዘረጋለት ራሱን ነቀነቀ። ብር ጀልዴሳ ላይ ምን ይገዛል? ዋርፋ ሹፌሩ ለምሳው ወደያዘው ዳቦ በጣቱ ጠቆመ፤ በቆዳው ፈንታ ሰጡት።

ዳቦውን ውሃ ውስጥ ነክሮ ወደ እናቱ ከንፈር አስጠጋው። አሮጊቷ አፏን አልከፈተችም።