ሁለት እርምጃ ወደ ግራ

«ይሄ አልጋ ነገ ይፈታል» አለች የሟች ታላቅ እህት፣ ባዶ የሻይ ብርጭቆ ከእንግዶች እጅ እየሰበሰበች። «ሰው መቀመጫ አጥቶ በር ላይ ተገትሯል፣ እሱ የክፍሉን እኩሌታ ይዞ ተኝቷል!»

«አይፈታም» አለች ሚስትየዋ ከፍራሹ ላይ።

ከጠዋት ጀምሮ ከአፏ የወጣው ይኸው አንድ ቃል ነበር። እህትየዋ በሦስት ቀን ውስጥ ቤቱን እንደ ጦር ሰፈር ያደራጀች ሴት ናት። «እሺ የኔ እናት፣ እሺ» አለችና ለጎረቤቶቹ ጠቀሰች። ነገ በጠዋት ይፈታል ማለቷ ነው።

ሚስትየዋ ጥቅሻውን አይታለች። ግን ምን ታድርግ? ጥግ ላይ በግድግዳውና በወፍራሟ ጎረቤቷ መካከል ተሰክታለች። ለመነሳት ጉልበቷን ባንቀሳቀሰች ቁጥር «ወዴት ነሽ? ቁጭ በይ! እኛ እናመጣልሻለን» ይላታል ቤቱ ሁሉ። መጸዳጃ ቤት እንኳ የምትሄደው አጃቢ ተመድቦላት ነው። ደግ ሰዎች ናቸው፣ ምን ይባላሉ! ግን መተንፈሻ አሳጧት።

መታፈን ለእሷ አዲስ አይደለም፤ አራት ዓመት ለምዳዋለች። ባሏ መሬት ቀያሽ ነበር፣ በዓመት ሁለት ጫማ የሚጨርስ፣ ዳገት ሲያይ እግሩን የሚበላው። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ተገልብጣ ወገቡን ሰበረችውና ያ ሁሉ አገር አንድ መስኮት ሆኖ ቀረ። በመስኮቱ የሚታየውም አንድ ኮረብታ ነው። መጀመሪያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ስድስት ወር ተኛ። ከዚያ አንድ ቀን ያገለገለ ካሜራ አስገዛትና ኮረብታውን ማንሳት ጀመረ።

ቀጥሎ በስልክ ላይ አንድ ግሩፕ አገኘ። መልክዓ ምድር ማንሳት የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ፎቶ ይለጥፋል፣ ሌሎቹ ይፈርዱበታል። ሕጋቸው ደግሞ የለጠፈው ሰው ሁሉም ተናግሮ እስኪጨርስ ትንፍሽ እንዳይል ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ ኮረብታውን ከየአቅጣጫው ይጨፈጭፉታል። «ሰማዩ በዝቷል» ይላል አንዱ። «ምነው መሃል ላይ ገተርከው? ወደ ዳር አድርገው!» ይላል ሌላው። ከሁሉም የባሰው ግን ቅጽል ስሙን ከምክሩ ያገኘው «ሁለት እርምጃ» ነው። ምንም ፎቶ ይምጣ፣ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ «ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ብትል ኖሮ!» አንዴማ «ወንድሜ፣ እግር አልፈጠረብህም እንዴ? ተንቀሳቀስ እንጂ!» ብሎ ጻፈ።

ቀያሹ ጮክ ብሎ አነበበላትና እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

«ንገራቸው እንጂ!» አለችው እሷ፣ ደሟ ፈልቶ።

«ከነገርኳቸው ማዘን ይጀምራሉ። የሚያዝንልኝ ሰው ሞልቷል፤ የጠፋው የሚሰድበኝ ነው።»

ለሌላው ሰው ሁለት እርምጃ ሁለት እርምጃ ነው። ለእሷ ግን የአርባ ደቂቃ ሥራ ነበር። ቀኑን ሙሉ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ጨርቅ ስትቆርጥ ትውላለች፣ ማታ ገብታ ደግሞ ያን የብረት አልጋ እግር በእግር ታነሳለች፣ ከሥሩ ጡቡን ታወጣለች፣ ትገፋለች፣ ጡቡን ትመልሳለች። ወለሉ በሙሉ ተጭሯል። ፎቶው ግን እያማረ ሄደ። ግሩፑም ቀያሹን «ኮረብታው» ብሎ ሰየመው።

ማክሰኞ ዕለት ከሥራ ስትገባ፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ «አንድ ክንድ ብቻ ወደ ግራ፤ ከዚህ በኋላ አላስቸግርሽም» አላት።

«ለምን?»

«እሱን አትጠይቂኝ» አለ ፈገግ ብሎ።

ፈገግታው ነው ያናደዳት። «በቃኝ!» አለች። «አንተ በአልጋ ታስረሃል፣ እኔ በአንተ ታስሬያለሁ። ኮረብታው የትም አይሄድ፤ ምን አስቸኮለህ?»

«ልክ ነሽ» አለ።

ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል ሳንባው ከዳውና አረፈ። ይህን የማክሰኞ ነገር የሚያውቅ ሰው የለም፤ እንደ ፍም ይዛው ተቀምጣለች። አልጋውን ነገ ከፈቱት ያ አንድ ክንድ ለዘላለም ሳይገፋ ቀረ ማለት ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ሁለት የማያውቋቸው ሰዎች ገቡ። አንዱ ቆቡን በእጁ የጨመደደ ራሰ በራ ሰውዬ፣ ሌላዋ መነጽር ያደረገች መምህርት።

«እግዜር ያጽናሽ» አለች መምህርቷ ጎንበስ ብላ። «የፎቶ ግሩፑ ሰዎች ነን። ስልኩ ላይ ብንደውል ጎረቤት አንስቶ ነገረን።»

ሰውዬው ግን አልተቀመጠም። አልጋውን አየ፣ ጡቦቹን አየ፣ የተጫረውን ወለል አየ። ከዚያ በመስኮቱ ኮረብታውን ሲያየው ቆቡ ከእጁ ወደቀ።

«ሁሉንም… ከዚህ ነው ያነሳው?»

«ከዚሁ ነው።»

«እግር አልፈጠረብህም ወይ ያልኩት እኔ ነኝ!» አለና ያ ትልቅ ሰውዬ በሰው ፊት ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

«በእሱማ ስቆ ሊሞት ነበር» አለች ሚስትየዋ ልታጽናናው፤ ቃሉ እንዳመለጣት ግን ወደ መምህርቷ ዞረች። «ማክሰኞ ምን አላችሁት?» ብላ ጠየቀች።

መምህርቷ ስልኳን አወጣች። «የኔ ምክር ነበር» አለች፣ እየፈራች። «ኮረብታው አምሯል፣ ግን ትልቅነቱ አይታወቅም፤ ታች መንገዱ ላይ አንድ ሰው ቢኖር ዓይን ይለካበታል አልኩት። የመለሰው ይኸውና፤ ‹ሰውማ አለኝ። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቦርሳዋን በግራ ትከሻዋ አንግታ ከመታጠፊያው ብቅ ትላለች። የመስኮቱ ጠርዝ ጋረደብኝ እንጂ! አንድ ክንድ ፈቀቅ ማለት ነው የቀረኝ። ብቻ፣ ቀና ብላ አታይም።›»

«እኔ ደግሞ ‹ባታይ ይሻላል፣ ወደ ካሜራ የሚያይ ሰው ፎቶ ያበላሻል› አልኩት» አለ ሁለት እርምጃ፣ አፍንጫውን እየጠረገ።

ባሏ እውነቱን ነው፣ ቀና ብላ አታይም። መስኮቱን ካየችው ሁለተኛው ሥራዋ እዚያው መንገድ ላይ ይጀምርባታል፤ ያቺን ዳገት ብቻ ለራሷ ቆጥባት ነበር።

ተነሳች።

«ወዴት ነሽ?» አለ ቤቱ ሁሉ።

«አልጋውን ልገፋ።»

እህትየዋ አልጋው ሊወጣ መስሏት ደስ ብሏት በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ሁለት እርምጃ ኮቱን አውልቆ «ወዴት እንግፋው?» አለ።

«ወደ ግራ። አንድ ክንድ።»

ጡቦቹን አወጡ፣ ገፉ፣ ጡቦቹን መለሱ። ሚስትየዋ ትራሱ ላይ ጭንቅላቷን አሳርፋ በመስኮቱ አየች። መታጠፊያው ከመስኮቱ ጠርዝ ወጥቷል። አንዲት የማታውቃት ሴት ጃንጥላ ይዛ በዚያ ታልፋለች፣ ባቄላ የምታክል፤ አራት ዓመት ሙሉ ያየችው ኮረብታ ከሴትዮዋ ኋላ ሰማይ ነክቶ ቆሟል።

ለአሥራ አንድ አሥር ጉዳይ ነበር። ቦርሳዋን ከሚስማሩ ላይ አወረደች።

«ደግሞ ወዴት?» አለች እህትየዋ፣ አሁን እየተቆጣች።

«ከሥራ ልመለስ።»

ሁለት እርምጃ ካሜራውን አነሳና «ላንሳሽ?» አላት።

«አይ። ፎቶው የሱ ነው፤ ካሜራውን ትራሱ ላይ አስቀምጠው።»

እስከ መታጠፊያው ወረደች። እዚያ አንድ አውቶቡስ በሩን ከፍቶ ቆሟል። ስንት ቀን እዚህ ቆማ «ተሳፍሬ ዝም ብዬ ብሄድስ?» ብላለች! አሁን የሚይዛት የለም። አውቶቡሱ በሩን ዘግቶ ሄደ፣ እሷም ዞራ ቦርሳዋን በግራ ትከሻዋ አንግታ ዳገቱን ጀመረች። እንደ ልማዷ ዓይኗ ጫማዋ ላይ ነበር።

ከዳገቱ እኩሌታ ላይ ስትደርስ ቆመች።

ከተበላሸም ይበላሽ አለችና፣ ቀና ብላ መስኮቱን አየችው።