ፒናንግ መስሏት ያጠበችው

ራምቡ ካሂ የማትፈራው ነገር አልነበረም። ልጇ ኮንዳ ሁለት ጊዜ ካሳለች ሳንባዋ ነው ብላ ጤና ጣቢያ ይዛት ትሮጣለች፤ ፈረሱ ካነከሰ መሞቱ ነው ትላለች። ባሏ ኡምቡ ሬሚ፣ «አንቺ እኮ ገና ሳልታመም ቀብረሽኛል» እያለ ይስቅባት ነበር።

በባሏ ሽርጥና በአንሶላው ላይ ቀላ ያለ ቡናማ እድፍ ስታይ ግን አልፈራችም። ሱምባ ደሴት ውስጥ ቀይ እድፍ የሌለበት ልብስ ከየት ይመጣል? ሰው ሁሉ ፒናንግ የሚባለውን ፍሬ ከኖራ ጋር ያኝካል፤ ምራቁ ደም ይመስላል፣ የነካውንም ያበላሻል። ሬሚ ደግሞ ጉንጩን ሞልቶ የሚተኛ ሰው ነው።

«የኮንዳ አባት፣ ደግሞ አንሶላው ላይ ተፋህበት?»

«አምልጦኝ ነው» አላት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

«እንደ ሕፃን አንገትህ ላይ ጨርቅ ልሰርልህ ይሆን?» ብላ ወንዝ ወረደች። በሳሙና አሽታ አጠበችው። እንዲህ እያለች ብዙ ጊዜ አጠበች።

በዝናቡ ወራት ሬሚ ሁለት የመንጋጋ ጥርሶቹን ተነቀለና ፒናንግ ማኘክ ተከለከለ። በሦስተኛው ሳምንት ካሂ አንሶላውን ስታነሳ እድፉ አለ። ጨርቁን እንደያዘች አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ተነሥታ ፈረሱ ዘንድ ሄደች፤ ሬሚ ሣር እየሰጠው ነበር።

«ይኼ ፒናንግ አይደለም» አለችው።

ሣሩን አስቀመጠ። «የዘር ፈሳሼ ነው። ደም ይቀላቀልበታል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ስድስት ወር ቢሆነው ነው። ይጠፋል፣ ለቀቀኝ ስል ይመለሳል። ጣቢያው ያለችው ነርስ የወንድሜ ልጅ ናት፤ እሷ ፊት ቆሜ ምን ልበል?»

«ሽንትህስ?»

«ይንጠባጠባል። ወገቤንም ይዞኛል። ሃምሳ ስድስት ዓመት እኮ ቀልድ አይደለም።»

በማግስቱ ከተማ ይዛው ሄደች። ለምርመራ ደም ሰጠ፣ ከፕሮስቴት ዕጢው ናሙና ተወሰደ፣ አጥንቱ ፎቶ ተነሣ። ውጤቱ የደረሰ ቀን ሐኪሙ ወንበሩን ወደ እነሱ አስጠጋ። ካንሰር ነው፤ ከዕጢው ወጥቶ አከርካሪው ላይ ደርሷል፤ በመድኃኒት እናዘገየዋለን እንጂ አናጠፋውም አላቸው።

«እንዲህ ዓይነት ደም ያየ ሰው ሁሉ ካንሰር አለው?» አለች ካሂ።

«ሁሉም አይደለም። ወጣት ከሆነና አንዴ ታይቶ ከጠፋ ብዙ ጊዜ ምንም አይደለም። ከተመላለሰ፣ ትኩሳት ወይ ሕመም ካለው፣ ሽንት ካስቸገረ ግን ይምጣ። አርባን ያለፈ ሰው ደግሞ አንዴም ቢያይ ይምጣ።» ወረቀቱን አየ። «መጀመሪያ የታየው ከስድስት ወር በፊት ነው፣ አይደል?»

«አዎ» አለ ሬሚ።

«እሱ ያየው ነው» አለች ካሂ። «እኔ ግን የአምናው በቆሎ ሳይሰበር ጀምሮ ሳጥብ ነበር። የትኛው ፒናንግ፣ የትኛው ደም እንደነበር አላውቅም። ሁሉንም አጠብኩት።»

ሐኪሙ «ስድስት ወር» የሚለውን ሰርዞ «አይታወቅም» ብሎ ጻፈ።

«የማውቀው እኔ ነበርኩ» አለ ሬሚ ቀስ ብሎ። «አንቺ ስትቆጪኝ ደስ ይለኝ ነበር። ፒናንግ ነው ስትዪ፣ ለእኔም ፒናንግ ይመስለኝ ነበር።»