እየጮህን እኮ አይደለም

የልብስ ሰፊዋ ቤት አውራ ጎዳናው ዳር ነው። ዳር ሲባል ለወግ አይደለም፤ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ፣ መቀሷ ከጠረጴዛው ጫፍ ተንሸራታ ትወድቃለች። ነጭ ጨርቅ ይዞ የመጣ ደንበኛ ካለ በላስቲክ ጠቅልላ ነው የምታስቀምጥለት፤ አለዚያ ሲያድር ግራጫ ይሆናል።

አብረዋት የሚኖሩት አባቷ፣ ሰፈሩ አባባ የሚላቸው፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠው በአላፊ አግዳሚው ላይ መቀለድ የሚወዱ ሰው ናቸው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ሳሉ አላስቀምጥ አላቸው። ሐኪሙ መረመራቸውና «ከጭሱ ያርቋቸው» አላት።

«ጭሱን ከሳቸው ማራቅ አይሻልም?» ብትለው ሳቅ አለና መድኃኒት ጻፈላት።

ድሮ የጭነት መኪኖቹ በዚህ አያልፉም ነበር። መንገዳቸው ግቢው ሰፊ፣ አጥሩ ረጅም በሆነው በወዲያኛው ሰፈር በኩል ነበር። የዚያ ሰፈር ሰዎች አቤት አሉ፤ የሚደውሉለትም ሰው አላጡም። አንድ ቀን የልብስ ሰፊዋ ሰፈር ከእንቅልፉ ሲነቃ መኪኖቹ ተግተልትለው ወደሱ መጥተዋል። ያማከረው ቀርቶ የነገረው እንኳን የለም።

ሰፈርተኛው ተሰበሰበና ሁለት ሰው መረጠ። ልብስ ሰፊዋን ሰው ስለማትፈራ፣ ፀጉር አስተካካዩን ደግሞ ነገር ስለሚያሳምር።

የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ቅጠል ሲወድቅ በሚሰማበት ጎዳና ላይ ነው። ኃላፊው ጨዋ ሰው ኖሮ ተነስቶ ተቀበላቸው፣ ወንበርም ሰጣቸው።

«እሺ፣ ምን ልታዘዝ?» አለ በለሆሳስ።

«ስለ ጭነት መኪኖቹ ነው የመጣነው!» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ኃላፊው ከነወንበሩ ወደ ኋላ ሸሸት አለ።

«አባቴ መተንፈስ አቃታቸው! የሰፈሩ ተማሪዎች አስተማሪያቸውን አይሰሙም!»

«መስኮት ብንዘጋ ታፈንን! ብንከፍት ጭስ ዋጥን!» ብሎ ፀጉር አስተካካዩ አገዛት።

ጸሐፊዋ ደንግጣ በሩን ከፈተችው። ከኋላዋ ጥበቃው ብቅ አለ።

«እህቴ፣ በእርጋታ ብንነጋገር ምን አለበት? ለምን ይጮሁብኛል?» አለ ኃላፊው።

«ማን ጮኸ?!» አለች፤ ከልቧ ነው የገረማት።

ጥበቃው በትሕትና ክንዳቸውን ይዞ ሸኛቸው። ደረጃው ላይ ቆመው ተያዩ።

«እትዬ፣ እኛ እንጮሃለን እንዴ?»

«እኔ እንጃ! አንተ ግን ትጮሃለህ!»

መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ሲያያቸው ያኔ ገባቸው። ከመኪናው ጋር ሲፎካከር የኖረ ድምፃቸው ዝቅ ማለቱን ረስቶታል። ልብስ ሰፊዋ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

ከዚያ ልምምድ ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኞቹን በሹክሹክታ ማናገር ጀመረ። «ሙሉውን ላንሳው?» ሲለው ያልሰማ አንድ ደንበኛ እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀና እንደ እንቁላል ተላጭቶ ወጣ። አባባ ይህን ሲሰሙ «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የተባለው ለካ ላንተ ኖሯል!» ብለው ቀለዱበት።

«ግዴለም እትዬ፣ ለጊዜው ዝም እንበል። ዝም አይነቅዝም» አለ ፀጉር አስተካካዩ አፍሮ።

«ይሄን የተረተው ሰው ከመንገድ ርቆ የሚኖር ነው» አለችና ብቻዋን ተመልሳ ኃላፊው ዘንድ ሄደች። እንደምንም ድምፅዋን ዋጥ አድርጋ፦ «ጥፋቱ የኛ ነው። እስቲ እርስዎ ቤቴ ይምጡና በእርጋታ ያነጋግሩን» አለችው።

መጣ። የፊት ለፊቷ ክፍል በጎረቤት ጢም ብላለች። ኃላፊው በዚያው ለስላሳ ድምፁ ንግግር ጀመረ።

«ምን አለ?» አለ አንዱ ከኋላ።

ድምፁን ጨመር አደረገ። ውጭ አንድ ባለ ተሳቢ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ። ኃላፊው አሁንም ጨመረ። አባባ ሳል ጀመራቸው። ራሱ ተነስቶ መስኮቱን ዘጋው፤ ወዲያው ላብ አጠመቀውና ራሱ ከፈተው። በዚህ መሀል ስልኩ ጮኸ። ባለቤቱ ናት።

«ስብሰባ ላይ ነኝ! ስብሰባ! ... ኧረ አልተቆጣሁም! ... አልጮህኩብሽም እኮ!»

ስልኩን ከጆሮው አንስቶ አየው።

«ዘጋችብኝ!» አለ፤ አሁንም እየጮኸ።

መጀመሪያ አባባ ሳቁ፤ ሳሉና ሳቁ ተደባለቀባቸው። ቤቱ በሙሉ ተከተላቸው። ኃላፊውም ቢሆን ከንፈሩን ነክሶ መቆየት አልቻለም። ሳቁ ሲበርድ አንገቱን በመሐረብ ጠረገና መሐረቡን ሲያየው ጠቁሯል።

ልብስ ሰፊዋ ያኔ «የዚያኛው ሰፈር ሰው አቤት ሲል መኪናው ተነሳለት። የኛ ሳንባ ከቆርቆሮ ነው?» አለችው።

ኃላፊው መሐረቡን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና «ከከተማው ውጭ የሚዞር መንገድ አለ። ባለ መኪኖቹ ይረዝምብናል ብለው ነው የማይወዱት» አለ።

«የነሱ መንገድ ቢረዝም ይሻላል ወይስ የኛ ዕድሜ ቢያጥር?» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ያን ቀን እንኳን የተመረጠበትን ሥራ ሠራ።

ነገሩ ባንድ ቀን አላለቀም። ስንት ስብሰባ ተጠራ። በአንዱ ላይ አንድ ባለ መኪና «ሕዝቡ እኮ ለምዶታል» ቢል፣ ልብስ ሰፊዋ የቤት ድምፅዋን አውጥታ «ችግር ይቻላል እንጂ አይለመድም!» አለችው። ሰብሳቢው ጆሮውን ቢይዝም አላስቆማትም። ክረምቱ ሲወጣ የጭነት መኪኖቹ ወደ ውጭው መንገድ ዞሩ። አባባ በረንዳቸው ላይ ወጡ። ሳሉ ጨርሶ አልለቀቃቸውም፣ ትንንሾቹ መኪኖችም ማለፋቸውን አልተዉም፤ ግን እንቅልፍ ይወስዳቸው ጀመር፣ ቀልዳቸውም ተመለሰ።

ልብስ ሰፊዋ ግን አንድ ነገር ከነከናት። ፀጉር አስተካካዩን አስከትላ በአውቶቡስ ወደ ውጭው መንገድ ሄደች። መታጠፊያው ላይ ጥቂት ቤቶች አገኙ። አንዷ ሴትዮ ደጇ ላይ ጎመን እየኮተኮተች፣ አቧራውን በእጇ እያራገበች ነበር። ልብስ ሰፊዋ ማን እንደሆነችና ለምን እንደመጣች ነገረቻት።

«እናንተ እኮ ተገላግላችኋል፤ ምን አደከማችሁ?» አለች ሴትዮዋ።

«መኪናውን ወደናንተ የላክነው እኛ ነና» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ለናንተም ጭሱንና ጩኸቱን የሚከልል ግንብ እንዲሠራ አብረን አቤት እንላለን። ይልቅ ነይ አሳዪኝ፣ ግንቡ በየት በኩል ቢቆም ይሻላችኋል?»

ሴትዮዋ መኮትኮቻዋን ጣል አደረገችና መንገድ እየመራች ቀደመቻቸው።